ዛሬስ ልረፍ ወይስ ልሥራ? ስለ ስፖርት የእረፍት ቀን ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባህር ዳር ውስጥ ጎህ ሲቀድ የሚሮጡና የሰውነት ማጠንከሪያ የሚሠሩ ሰዎችን አሠራለሁ። «በሳምንት ስንቴ ልሥራ?» የሚለኝ ብዙ ነው። «መቼ ልረፍ?» የሚለኝ ግን የሚመጣው አንድ ቦታ ካመመው በኋላ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ደጋግመው የሚደርሱኝ ናቸው። አንዳንዱን በሁለት ቃል አልፌዋለሁ፣ አንዳንዱ ላይ ሰንበት ብያለሁ።

በሳምንት ስንት ቀን ማረፍ አለብኝ?

ጀማሪ ከሆኑ ሦስት ቀን ሠርተው አራት ቀን ቢያርፉ አልበዛም። የሥራ ቀኖቹ ግን ባይገጥሙ ይሻላል፤ ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ቅዳሜ እንደ ማለት። ስድስት ወርና ከዚያ በላይ ሳያቋርጡ የሠሩ ከሆነ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ሙሉ የእረፍት ቀን ይበቃዎታል። ክብደት የሚያነሱ ሰዎች ደግሞ ለአንድ የሰውነት ክፍል ከባድ ሥራ ከሰጡ በኋላ ያንኑ ክፍል ለ48 ሰዓት ያህል ይተዉት። ዛሬ እግር ከሠሩ ነገ ትከሻ መሥራት ይቻላል፣ ነገም እግር ግን አይሆንም።

«ይህን ያህል ካረፍኩ ምን ሠራሁ ይባላል?» ለሚሉ፦ የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ፣ በዚያ ላይ ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ እንዲሠራ ይመክራል። 150 ደቂቃ ማለት አምስት ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት ነው። ሳምንቱ ሰባት ቀን ነውና ሂሳቡን ራስዎ ይጨርሱት።

እያረፍኩ እንዴት እጠነክራለሁ? ሰውነቴ ያን ቀን ምን ይሠራል?

ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ሮጦ የወጣ ሰው፣ ጫፍ ሲደርስ ከታች ከተነሣበት ጊዜ ይልቅ ደካማ ነው። ስንቁን ጨርሷል፣ የጡንቻው ክሮች እዚህም እዚያም ተላልጠዋል፣ ጅማቱ ተወጥሮ ውሏል። ጥንካሬው የሚመጣው ወርዶ፣ በልቶ፣ ተኝቶ፣ ሰውነቱ «ይሄ ሰውዬ ነገም እዚህ ሊያወጣኝ ነው» ብሎ የተጎዳውን ከቀድሞው ትንሽ አጠንክሮ ሲጠግነው ነው። ጥገናው ሳይጠናቀቅ ሌላ ኮረብታ ከተደረበበት ጉዳቱ ብቻ ይከማቻል።

የጭቃ ቤት ያቆመ ሰው ይህን ለማስረዳት ብዙ አያደክመኝም። የመጀመሪያው ምርጊት ሳይደርቅ ልስኑን ቢለጥፉበት ሁሉም ተያይዞ ይወርዳል። ግድግዳው ቆሞ የሚደርቅበትን ሳምንት «ሥራ የፈታ ሳምንት» ብሎ የሚቆጥር አናጢ አላየሁም።

ችግሩ፣ የሰውነት ክፍሎች በአንድ ፍጥነት አይደርቁም። ስንቁ ቶሎ ይሞላል፤ ከእንጀራው፣ ከዳቦው፣ ከድንቹ የምናገኘው ስኳር ግላይኮጅን ሆኖ ጡንቻና ጉበት ውስጥ ይከማቻል፣ በሩጫ ከተሟጠጠም በደንብ ለበላ ሰው በ24 ሰዓት አካባቢ ይመለሳል። ጡንቻ ከባድ ሥራ ከሠራ በኋላ አዲስ ፕሮቲን የሚገነባበት ፍጥነት ከ24 እስከ 48 ሰዓት ድረስ ከወትሮው ከፍ ብሎ ይቆያል። ጅማትና አጥንት ግን ዘገምተኞች ናቸው። ጅማት የሚደርሰው ደም ትንሽ ነው። አጥንት ደግሞ አዲሱን ከማስቀመጡ በፊት አሮጌውን ቆርሶ ያነሣል፣ ስለዚህ ሥራ በበዛበት ሰሞን ለጥቂት ሳምንታት እንዲያውም ሳስቶ ይቆያል።

ጀማሪ ሯጭ በሁለተኛው ወር ላይ የሚጎዳው ለዚህ ነው። ትንፋሹ ተስተካክሏል፣ ጭኑ ጠንክሯል፣ ልቡ «ጨምር» ይለዋል። ቅልጥሙ ግን ገና የመጀመሪያው ምርጊት ላይ ነው።

በማግስቱ ሰውነቴ ካላመመኝ አልሠራሁም ማለት ነው?

አይደለም። ይህን የሚሉ የጂም ልጆች አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፤ የስቅለት ለት ሰግዳችሁ ታውቃላችሁ? ቀኑን ሙሉ ሲሰግዱ ውለው፣ ቅዳሜ ጠዋት ከአልጋ ለመውረድ ጭናቸውን በእጃቸው የሚያነሡትን አይታችሁ ይሆናል። እናቴ በዓመቱ አንዴ እንደዚያ ትሰግድና ለሁለት ቀን ዱካ ላይ ስትቀመጥ ግድግዳ ትይዝ ነበር። ሕመሙ የሚበረታው ያን ዕለት ሳይሆን ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ምክንያቱ ጡንቻው ያለመደውን ሥራ መሥራቱ፣ በተለይም እየተለጠጠ ክብደት መሸከሙ ነው፤ ወደ መሬት ስንወርድ፣ ቁልቁለት ስንሮጥ እንደሚሆነው። ብዙ ሰው «ላክቲክ አሲድ ነው» ይላል፣ እሱ ግን ሥራው በቆመ በአንድ ሰዓት አካባቢ ከደም ጠፍቷል።

እናቴ በየቀኑ ብትሰግድ ኖሮ በሦስተኛው ሳምንት ምንም ባላመማት ነበር፤ ሆኖም ጭኗ ከፊቱ ይልቅ ይጠነክር ነበር። ሕመም የለመድነውንና ያለመድነውን ይነግረናል እንጂ የሥራችንን ጥራት አይለካም። ጭንና ባት ላይ ተዘርግቶ የሚሰማ፣ ሲንቀሳቀሱበት የሚለቅ ቁርጥማት ከሆነ አይፍሩት፤ በእግር ይንሸራሸሩ፣ በሦስት በአራት ቀን ይለቃል። ጡንቻው አብጦ፣ ሕመሙ እየባሰ ሄዶ ሽንትዎ እንደ ኮካ ኮላ ከጠቆረ ግን ያ እረፍት የሚፈታው ነገር አይደለም። የጡንቻ ስብርባሪ ኩላሊት እየጎዳ ሊሆን ይችላልና ያኑ ዕለት ሐኪም ቤት ይሂዱ።

የእረፍት ቀን ማለት ተኝቶ መዋል ነው?

ከፈለጉ ይተኙ፣ ኃጢአት የለውም። ብዙውን ጊዜ ግን ቀላል እንቅስቃሴ ይሻላል፤ ደም ሲዘዋወር ሰውነት ቶሎ ይፍታታል። ታና ዳር ወዲያ ወዲህ ማለት፣ ከዘንባባው ሥር በብስክሌት ቀስ ብሎ ገበያ መሄድ፣ ጠዋት አሥር ደቂቃ ሰውነት ማፍታታት። መለኪያው ቀላል ነው፤ እየሄዱ ዘፈን መዝፈን ከቻሉ እረፍት ነው። ማውራት እንጂ መዝፈን ካቃተዎት ሥራ ውስጥ ገብተዋል። ማውራትም ካቃተዎት ቀኑን እረፍት ብለው አይጥሩት።

እዚህ ላይ የእኛ ከተማ አንድ ወጥመድ አላት። ብስክሌት የለመደ ሰው «በቀስታ ልንዳ» ብሎ ይወጣል፣ አንድ ጎረምሳ በጎኑ ሽው ብሎ ሲያልፈው ነገሩ ይቀየራል።

እኔ አርሼ ነው የምውለው። የእረፍት ቀን የሚባለው እኔንም ይመለከታል?

ከሁሉም በላይ እርስዎን ይመለከታል። ስለ ስፖርት የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ቀኑን ወንበር ላይ ለሚውል ሰው የተጻፈ ነው። ለጤፍ የሚሆን ማሳ አራት አምስቴ ይታረሳል። ከሞፈሩ ኋላ ቀኑን ሙሉ ትልም ለትልም መመላለስ፣ እርፉን ተጭኖ ማረሻውን መሬት ውስጥ ማቆየት፣ መዞሪያው ላይ ማንሣት፣ ይህ ራሱ የሩጫና የክብደት ሥራ ነው። አጨዳውና ውቂያውም እንደዚያው፤ ከተማ ውስጥ ሲሚንቶ ሲሸከም፣ ድንጋይ ሲፈልጥ የሚውለውም እንደዚያው። እንዲህ ዓይነት ሰው አመሻሹ ላይ ሌላ አሥር ኪሎ ሜትር ቢሮጥ፣ አልሜ ሠራሁ ያለው አንድ ቢሆንም ሰውነቱ የቆጠረው ሁለት ነው።

ስለዚህ የእርሻ ሰሞን ሩጫውን ይቀንሱት። የእረፍት ቀን ብለው የሚቆጥሩት ሁለቱም የሌሉበትን ቀን ይሁን።

ጎጃም ውስጥ ለዚህ የተሠራ ልማድ አለን። ገበሬው እሑድ ቀንበር አይጭንም። በየአካባቢው የሚከበረው የወሩ በዓልም አለ፤ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔዓለም፣ በ29 ባለ እግዚአብሔር። አባቴ ደብረ ማርቆስ ዙሪያ ገበሬ ነበር። በእነዚያ ቀናት በሬዎቹን ሜዳ ያሰማራቸውና ራሱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጥላ ሥር ይቀመጥ ነበር። በሬው ከትልም መውጣት ሲጀምር ጅራፍ ከማንሣት ይልቅ ፈቶ አንገቱን ይዳስሰዋል፤ ቀንበሩ የሚያርፍበት ቦታ ሞቆና አብጦ ካገኘው ነገም አይጠምደውም። እኔ ሯጭ ነኝ ብዬ የራሴን ቅልጥም እንደዚያ ዳስሼ አላውቅም ነበር። ወደዚያ እመጣለሁ።

ታዲያ በበዓል ቀን ብቻ ባርፍስ?

ጥሩ መነሻ ነው፣ ብቻውን ግን አይበቃም። የወሩ በዓላት ተራርቀውም ተደራርበውም ይመጣሉ፤ አንዱ ሳምንት ላይ ሁለት፣ ሌላው ላይ ምንም። ሰውነት የሚፈልገው በየሳምንቱ የሚመለስ ቀን ነው። እሑድን ያጽኑ፣ በዓሉ ሲመጣ ጉርሻ ይሁንዎት።

የጂም የወር ከፍያለሁ፤ ካልሄድኩ ብሩ አይቃጠልም?

ብሩ ከተከፈለ ወዲህ ተቃጥሏል። ትከሻዎን አያስከትሉበት።

አትሌቶች በቀን ሁለቴ ይሮጣሉ፤ እኔ አንዴ ሮጬ ለምን አርፋለሁ?

አትሌቱ እዚያ የደረሰው በብዙ ዓመት ነው። ሁለተኛ፣ በሁለቱ ሩጫ መካከል ምሳውን በልቶ ይተኛል፤ እርስዎ ቢሮ ይሄዳሉ ወይም ባጃጅ ይይዛሉ። ሦስተኛው ዋናው ነው፤ ከባድ ከባድ ሥራቸውን አያከታትሉም። ዛሬ ፍጥነት ከሠሩ ነገ ሶምሶማ ነው፤ ያውም ጎረቤትዎ ቢያየው «እነዚህ ናቸው አትሌቶቹ?» እስኪል ድረስ ዝግ ያለ። እኛ ከአትሌት የምንቀዳው ፍጥነቱን ነው፣ ዝግታውን ማንም አይቀዳም።

ብዙ አሠልጣኞች ከዚህ ጋር ሌላ ነገር ይጨምራሉ፤ ሦስት ሳምንት ቀስ በቀስ ከጨመሩ በኋላ አራተኛውን ሳምንት በግማሽ ያህል ማቅለል። እኔም ከጀማሪ ጀምሮ ሁሉንም እንዲህ ነው የማሠራው።

እረፍት እንደሚያስፈልገኝ በምን አውቃለሁ?

ተማሪ እያለሁ ለአንድ ውድድር ስዘጋጅ የሚያሠራን ሰው «ጀግና አያርፍም» ይለን ነበር። እኔም ጀግና መሆን አማረኝና ሁለት ወር ያህል አንድም ቀን ሳላርፍ ሮጥኩ። በአምስተኛው ሳምንት ላይ እንቅልፌ ተቆራረጠ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እነቃና ልቤ ሲመታ እሰማዋለሁ። ምግብ አስጠላኝ፣ ጓደኞቼ ሲቀልዱ ይደብረኝ ጀመር። የሚያስቀው፣ ሰዓቴ እየዘገየ ሲሄድ እኔ የገባኝ «አልበቃህም፣ ጨምር» የሚለው ነው። ከዚያ ግራ ቅልጥሜ ላይ፣ ከውስጥ በኩል፣ በአንድ ጣት የምጠቁማት ነጥብ ታመመች። መጀመሪያ ስሮጥ ብቻ፣ ቀጥሎ ስራመድ፣ በመጨረሻ ተኝቼም። የአጥንት ስንጥቅ ነበር። ውድድሩን ከዳር ቆሜ አየሁት፣ ሦስት ወርም አልሮጥኩም።

ስለዚህ ቀድመው የሚመጡትን ምልክቶች ላስቀምጥልዎ። ድካም እያለ እንቅልፍ እንቢ ማለቱ፤ ያው መንገድ፣ ያው ፍጥነት ከሳምንት ሳምንት ሲከብድ፤ ያለ ምክንያት መነጫነጭ፤ ጉንፋን መመላለስ፤ የምግብ ፍላጎት መጥፋት። አንዱ ብቻ ለአንድ ቀን ቢታይ ምንም አይደለም። ሁለት ሦስቱ ተባብረው ሳምንት ከቆዩ ግን ጥቂት ቀን ሙሉ ለሙሉ ያቁሙ።

በቁጥር ማየት ለሚወድ ደግሞ የልብ ምት አለ። ጠዋት እንደ ነቁ፣ ከመነሣትዎና ቡና ከመጠጣትዎ በፊት፣ ሁለት ጣትዎን በአውራ ጣት በኩል የእጅ አንጓዎ ላይ አድርገው ለአንድ ደቂቃ ይቁጠሩ። ለሁለት ሳምንት ቢጽፉት የራስዎን ልክ ያውቁታል። ከልክዎ ከ5 እስከ 10 ምት ከፍ ብሎ ለተከታታይ ቀናት ከቆየ፣ ወይ አልተኙም፣ ወይ ሕመም እየመጣብዎ ነው፣ ወይ ሥራው በዝቷል። በሦስቱም መልሱ አንድ ነው።

በጾም ወቅትስ እንዴት ላድርግ?

ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለሚጾም ሰው እነዚህ ሁለት ቀናት የእረፍት ወይም የቀላል እንቅስቃሴ ቀን እንዲሆኑ አድርጎ ሳምንቱን መደልደል ቀላል ነው። ከባዱን ሥራ ሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ላይ ያድርጉት። አልቋል።

ዐቢይ ጾም ግን 55 ቀን ነው፤ ባህር ዳር ላይ ደግሞ ሙቀቱ የሚበረታበት ሰሞን ላይ ይወድቃል። በባዶ ሆድና ያለ ውኃ ጠዋት መሮጥ አልመክርም። በአዘቦት ቀን ከጾሙ ፍቺ በኋላ ትንሽ በልተው፣ ውኃ ጠጥተው፣ አሥራ አንድ ሰዓት አካባቢ ቀለል ያለ ይሥሩ። ቅዳሜና እሑድ ጠዋት መብላት ስለሚቻል ጠንካራውን ሥራ ወደነዚያ ቀናት ይግፉት፤ ከቅዳሴ በኋላ ማለቴ ነው። በዚህ ሁለት ወር ውስጥ ዓላማዎ ያለውን ማቆየት እንጂ መጨመር አይሁን። ስግደቱንም በሂሳብ ያስገቡ፤ መቶ ሰግዶ ያደረ ሰው ጠዋት ስኳት (ቁጭ ብድግ) አያስፈልገውም። ረመዳን የሚጾሙም ሂሳቡ ተመሳሳይ ነው፤ ቀላሉን ከማፍጠሪያ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ ጠንከር ያለውን ካፈጠሩና ምግቡ ከተረጋጋ በኋላ።

ለጥገናው የሚሆን ፕሮቲን የጾም ምግብ ውስጥ ሞልቷል፤ ሽሮው፣ ምስሩ፣ የባቄላ ቂጣው፣ ቆሎው ላይ ያለው ሽምብራ፣ የኑግና የተልባ ልጥልጡ። ከእንጀራ ጋር ሲሆኑ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላዋል። ጓያን ግን ለብዙ ወራት ዋና ምግብ አያድርጉት፤ እግር ሽባ የሚያደርግ ንጥረ ነገር አለበት። የዓሣውን ክርክር ለአባቶች ትቼዋለሁ።

እሑድ ጠላ ቤት ማምሸቱ እረፍቱን ያበላሻል?

አንድ ጣሳ ጠላ አያጣላንም። በዝቶ ሲመጣ ግን፣ አረቄ ሲሆን ደግሞ ይበልጥ፣ አልኮል እንቅልፉን ከመካከሉ ይቆርጠዋል፣ ውኃ ያስወጣል፣ ጡንቻ የሚጠገንበትንም ፍጥነት ይቀንሳል። ሰኞ ጠዋት «አርፌ ነው የመጣሁት» የሚለኝ ሰው ትንፋሹ ሌላ ሲናገር ሶምሶማ ብቻ አሠራዋለሁ።

ሰርግ ላይ እስክስታ ስመታ ያደርኩበት ቀን ይቆጠራል?

የጎጃም ሰርግ ከሆነ በደንብ ይቆጠራል። በማግስቱ ትከሻና ጀርባ አይሥሩ።

ስንት ቀን ባቋርጥ ነው የሠራሁት የሚጠፋው?

ከሚፈሩት በጣም ይርቃል። አንድ ሳምንት ምንም አይነካዎትም፤ እንዲያውም ደክመው ከነበረ ተሽለው ይመለሳሉ። ሁለት ሳምንት አካባቢ ሲሆን መጀመሪያ የሚቀንሰው ትንፋሽ ነው። የጡንቻ ጉልበት ሦስት አራት ሳምንት ያህል ይታገሣል፣ ቢቀንስም አንዴ የገነባ ሰው ዳግም ለመመለስ ከጀማሪው ያነሰ ጊዜ ይፈጅበታል። ከወር በላይ ቆይተው ሲመለሱ ከነበሩበት ግማሽ ይጀምሩ። «የት ነበርኩ?» ብለው ከቆሙበት የሚጀምሩ ሰዎችን ነው ቶሎ ተመልሰው ሲተኙ የማያቸው።

ወባ ይዞኝ ነበር፤ መቼ ነው የምመለሰው?

ትኩሳት እያለ ምንም ዓይነት ስፖርት የለም። ትኩሳቱ ከጠፋም በኋላ አይቸኩሉ። ወባ ቀይ የደም ሴሎችን ይሰብራል፤ ኦክስጅን የሚያመላልሱት እነሱ ናቸው። ደረጃ ሲወጡ ቁና ቁና የሚተነፍሱት ስንፍና ይዞዎት አይደለም፣ ደምዎ ስለ ቀነሰ ነው። መድኃኒቱን ጨርሰው፣ ምግብ መብላት ጀምረው፣ ለጥቂት ቀናት በእግር መሄድን ይለማመዱ፤ ሳይደክሙ ግማሽ ሰዓት መሄድ ሲችሉ ወደ ሶምሶማ ይለፉ። ጣፊያም በወባ ጊዜ ሊያብጥ ይችላል፤ ስለዚህ ሐኪም አይቶ እስኪነግርዎ ድረስ ኳስ ጨዋታና ሆድ ሊመታ የሚችል ማንኛውም ስፖርት ይቅር።

ለተራ ጉንፋን የምጠቀመው ደንብ ይህ ነው፤ አፍንጫ ብቻ ከሆነ ቀለል አድርጎ መሥራት ይቻላል። ወደ ደረት ከወረደ፣ ሰውነት ከቆረጠመ ወይም ካተኮሰ ግን እቤት።

ሲያመኝ ወጌሻ ጋ ብሄድስ?

ለተሳሰረ ጡንቻ ቀስ ያለ መታሸት ያሳርፋል። ሕመሙን ግን አስቀድመው ይለዩት። በመዳፍ የሚጠቁሙት ሰፊ ቁርጥማት ከሆነ ይታሹ። በአንድ ጣት የሚጠቁሙት፣ አጥንት ላይ ያለ ሕመም ከሆነ ማንም አይነካካው። ቁርጭምጭሚትዎ ታጥፎ አራት እርምጃ መራመድ ካቃተዎትም ከወለምታ ሊያልፍ ይችላልና መጀመሪያ ራጅ ይነሡ፤ የተሰነጠቀ አጥንት ላይ አጥብቆ ማሸት ጉዳቱን ያባብሰዋል።

በወር አበባ ጊዜ ማረፍ ግዴታ ነው?

አይደለም። ከተመቸሽ ሥሪ፣ ቁርጠቱ ከበረታ እረፊ፣ ለማንም ማስረዳት አይጠበቅብሽም። አንዳንዷን እንዲያውም ቀላል እንቅስቃሴ ቁርጠቱን ያስታግስላታል። ይልቅ የሚያሳስበኝ ሌላው ነው፤ ብዙ እየሮጡ ጥቂት የሚበሉ ልጆች የወር አበባቸው ሲጠፋ «ተገላገልኩ» ይላሉ። ያ ሰውነት የሚበላው ስላነሰው የዘጋው በር ነው። አብሮት አጥንት ይሳሳል። እርግዝና ካልሆነና ሦስት ወር ከቀረ ሐኪም ማየት አለበት።

ልጄ ሯጭ እሆናለሁ ብሎ በየቀኑ ይሮጣል፤ ልከልክለው?

አይከልክሉት፣ ይደልድሉለት። የልጅ አጥንት የሚያድግበት ጫፉ ገና ለስላሳ ነው፤ ከጉልበት በታች ያለችው እብጠት ላይ የሚያማቸው ብዙውን ጊዜ ለዚህ ነው። በሳምንት አንድ ሁለት ቀን ይረፍ፣ ሌሎቹን ቀናት ደግሞ ኳሱንም መዝለሉንም ይቀላቅልበት። ትምህርት ቤቱ ሩቅ ሆኖ በእግሩ የሚመላለስ ከሆነ ያንን መንገድ በሩጫው ላይ ደምሩት።

ከባህር ዳር ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም እንጅባራ ስሄድ ቶሎ ይደክመኛል። ታምሜ ይሆን?

ላይሆን ይችላል። ባህር ዳር ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ሁለቱ ከተሞች ከ2,400 ሜትር በላይ ናቸው። አየሩ ሳሳ ይላል። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ቀናት ፍጥነት ይቀንሱ፣ በሳምንቱ ላይ አንድ የእረፍት ቀን ይጨምሩ። ጮቄ ላይ ለመሮጥ የሚያስቡ ካሉ፣ እሱ ከ4,000 ሜትር ያልፋልና መጀመሪያ በእግር ይውጡት።

የሌሊት ተረኛ ነኝ። እረፍቴን መቼ ልውሰድ?

ከተረኝነት በወጡበት ጠዋት አይሥሩ፣ ይተኙ። አዋቂ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ ሰባት ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል፤ ሰውነት ለጥገና ከሚጠቀምበት የእድገት ሆርሞን አብዛኛው የሚለቀቀው ከባድ እንቅልፍ ላይ ነው። መስኮቱን በጋቢ ይሸፍኑት፣ ስልኩን ያጥፉት። ተነሥተው፣ በልተው፣ አመሻሽ ላይ ቢሠሩ ይሻላል።

የእረፍት ቀን ሲሆን ይጨንቀኛል፤ ያልሠራሁበት ቀን የባከነ ይመስለኛል።

ይህ ከጡንቻው ይልቅ ከባድ ነው፤ ምክር ብቻውን ሲፈታው አላየሁም። ከማሠራቸው መካከል አንድ ጡረተኛ አባት አሉ። እሑድ እቤት መቀመጥ አልሆንላቸው ብሎ ተደብቀው ይሮጡ ነበር። ጫማቸው ላይ ያለው ጭቃ ሰኞ ያሳብቅባቸዋል። «ጋሼ፣ እሑድም ሥራ አለዎት» አልኳቸውና አንድ ደብተር ሰጠኋቸው፤ ጠዋት ምታቸውን ቆጥረው እንዲጽፉ፣ ስንት ሰዓት እንደ ተኙ፣ ምን እንደ በሉ፣ የትኛው መገጣጠሚያቸው እንደሚያማቸው። አሁን እሑድ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ይደውሉልኛል። ባለፈው 58 ነው ብለውኛል፤ ሲጀምሩ 71 ነበር። ቀኝ ጉልበታቸውን ጠየቅኳቸው፣ «እሱን ለሰኞ አቆይልኝ» ብለው ስልኩን ዘጉት።